ከጎንደር ላሊበላ በሰማይ ስንት ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የገናና የጥምቀት ጉዞ የሚታቀድበት ወቅት በመሆኑ ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች አንድ መስመር ላይ ተደራርበዋል፤ ከጎንደር አፄ ቴዎድሮስ ኤርፖርት ላሊበላ። የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ከጎንደር ላሊበላ ያለውን ርቀት ኢንተርኔት ላይ ፈለግሁ። አንዱ ገጽ 178 ኪሎሜትር፣ 13 ደቂቃ ይላል። ሌላው ርቀቱን ሳይቀይር 43 ደቂቃ ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «360 ኪሎሜትር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ነድቼዋለሁ» አለኝ። የቱን ልመን? (ከጎንደር)

መልስ፦ ጓደኛዎ የነዱት የመኪናውን መንገድ ነው። ከጎንደር በአዲስ ዘመን በኩል ወረታ፣ ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ ወደ ሰሜን ታጥፎ 64 ኪሎሜትር ላሊበላ። ድምሩ 360 ኪሎሜትር ገደማ ይመጣል። መንገዱ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ በመጨረሻ ወደ ሰሜን ስለሚመለስ ነው እጥፍ የሆነው። በሰማይ ከማኮብኮቢያ እስከ ማኮብኮቢያ ያለው ቀጥታ መስመር 178.5 ኪሎሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በኪሎሜትሩ ጠብ የለም።

ችግሩ ደቂቃው ላይ ነው። «13 ደቂቃ» የሚለው ገጽ 178ን በጄት ፍጥነት፣ በሰዓት 800 ኪሎሜትር፣ አካፍሎ ያወጣው ቁጥር ነው። «43» የሚለው በዚያው ላይ ለመነሻና ለማረፊያ ብሎ ግማሽ ሰዓት በጅምላ ጨምሮበታል። ሁለቱም ይህን መስመር የትኛው አውሮፕላን እንደሚበርበትና መሬቱ ምን እንደሚመስል አያውቁም።

እኛ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንቁጠረው። በእንዲህ ያለ አጭር መስመር ላይ የሚመደበው ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ነው፤ ብዙ ሰው ኪው 400 የሚለው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይበርበታል። ከፍተኛ የጉዞ ፍጥነቱ 360 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 667 ኪሎሜትር ነው። ነገር ግን በዚህ መስመር እዚያ ለመድረስ ጊዜ አያገኝም።

ሁለቱም ኤርፖርቶች ደጋ ላይ ናቸው፤ ጎንደር 6,450፣ ላሊበላ 6,500 ጫማ ገደማ (ሁለቱም ከ1,960 ሜትር በላይ)። ከላሊበላ አጠገብ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ ተራራ 4,260 ሜትር፣ በጫማ 14,000 ገደማ ከፍ ብሎ ቆሟል። ተራራማ አገር ላይ በመሣሪያ የሚበር አውሮፕላን በአቅራቢያው ካለው ከፍተኛ ቦታ ቢያንስ 2,000 ጫማ በላይ መሆን ስላለበት 16,000 ይደርሳል። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ በረራ ደግሞ ጎዶሎ ሺህ (እንደ 15፣ 17፣ 19 ሺህ ጫማ) ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ 17,000 እንበል። ሲመለስ ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ 16,000 ወይም 18,000 ይሆናል።

ከ6,450 ወደ 17,000 ጫማ መውጣት በደቂቃ 1,500 ጫማ ቢታሰብ 7 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ 46 ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል። መውረድ ደግሞ የራሱ ልክ አለው፦ አብራሪዎች ለ1,000 ጫማ ቁልቁለት 3 ኖቲካል ማይል ይይዛሉ። ወደ 10,500 ጫማ ለመውረድ 32 ኖቲካል ማይል፣ ፍጥነት ለመቀነስ ሌላ 8፣ በድምሩ 40 ኖቲካል ማይል ወይም 74 ኪሎሜትር፤ ይህ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ከ178ቱ ላይ እነዚህ ሲቀነሱ አውሮፕላኑ ከፍታውን ይዞ በሙሉ ፍጥነት የሚጓዘው 58 ኪሎሜትር ብቻ ነው። ያ 6 ደቂቃ አይሞላም። አስተናጋጇ ውኃ አድላ ሳትጨርስ የቀበቶው መብራት የሚበራው ለዚህ ነው።

አሁን እንደምረው። ሞተር አስነስቶ ማኮብኮቢያው ጫፍ ለመድረስ 5 ደቂቃ፣ መውጣት 7፣ ቀጥታ ጉዞ 6፣ መውረድ 10፣ ወደ ማኮብኮቢያው ተጠማዝዞ ለመስተካከልና ለማረፍ 4፣ ወደ ማቆሚያው ለመግባት 3። ድምሩ 35 ደቂቃ። አየር ላይ ያለው 27 ገደማ ነው። ትኬትዎ ላይ 35 ወይም 40 ካዩ የተጻፈው ከቆመበት ተነሥቶ እስኪቆም ያለው ጊዜ ነውና ትክክል ነው።

ነፋስ ብዙ አይለውጠውም። 20 ኖት ነፋስ ከፊት ቢመጣ እንኳ የሚጨምረው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። የአውሮፕላኑ ፍጥነትም እንደዚያው። ከዚህ በፊት በአገር ውስጥ መስመር ይበር የነበረው ፎከር 50 በሰዓት 500 ኪሎሜትር ገደማ ነበር የሚጓዘው፤ በወረቀት ላይ ከኪው 400 ብዙ ያንሳል። በ58 ኪሎሜትር ላይ ግን ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ አይሞላም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ጄት አይመድቡበትም? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጄት የሚቆጥበው ከ30,000 ጫማ በላይ ረጅም መንገድ ሲሄድ ነው። እዚህ ሳይወጣ መውረድ ይጀምራል፤ ታች ባለው ወፍራም አየር ውስጥ ደግሞ ነዳጁን እንደ ውኃ ይጠጣል። የሚያተርፈው ሦስት አራት ደቂቃ ነው።

ጥያቄ፦ የሌሎች ኤርፖርቶችን ርቀት ራሴ ማስላት እፈልጋለሁ። የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ለተማሪዎቼም ይሆናል። (ከደሴ)

መልስ፦ በአገራችን ሰሜን ላሉ አጫጭር መስመሮች የፓይታጎረስ ቲዎረም ይበቃል፤ የሉል ትሪጎኖሜትሪ አያስፈልግም። በ12 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6፣ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ 108.8 ኪሎሜትር ነው።

የጎንደር ኤርፖርት 12.520 ሰሜን፣ 37.434 ምሥራቅ ላይ ነው። ላሊበላ 11.975 ሰሜን፣ 38.980 ምሥራቅ። የኬክሮሱ ልዩነት 0.545 ሲሆን በ110.6 ሲባዛ 60.3 ኪሎሜትር ይሰጣል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.546 በ108.8 ሲባዛ 168.2። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተው ይደምሩና ስኩዌር ሩቱን ያውጡ፤ 178.7 ይመጣል። በኮምፒውተር ከሚወጣው ጋር የሚለያየው በመቶ ሜትሮች ነው።

ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ዲግሪና ደቂቃን እንደ አስርዮሽ ማንበብ ነው። ካርታው ላይ 12 ዲግሪ ከ31 ደቂቃ ሲል 12.31 አይደለም፤ 31ን ለ60 አካፍሎ 12.517 ነው። ይህች ስሕተት ብቻ ጎንደርን ወደ ደቡብ 23 ኪሎሜትር ትወስዳታለች፤ ወደ ጣና ዳር። ሁለተኛው የኤርፖርቱን ትቶ የከተማውን ነጥብ መውሰድ ነው። ሦስተኛው የመለኪያ መደባለቅ፦ ይህ መስመር 96 ኖቲካል ማይል፣ 111 የየብስ ማይል፣ 178.5 ኪሎሜትር ነው። የአብራሪዎችን 96 አይቶ ኪሎሜትር የሚመስለው ብዙ ነው። አንድ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎሜትር መሆኑን ሰሌዳው ላይ ይጻፉላቸው።

መልሳቸውን የሚያመሳክሩበት እነሆ፦ ጎንደር–ባሕር ዳር 102፣ ባሕር ዳር–ላሊበላ 185፣ ላሊበላ–መቀሌ 176፣ ጎንደር–አክሱም 232፣ ላሊበላ–አክሱም 242 ኪሎሜትር ገደማ። አክሱም 14 ዲግሪን ስለምታልፍ እዚያ የኬንትሮሱን 108.8 ትንሽ ዝቅ አድርገው 108.2 ቢይዙ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ጉዞዬ ሰማዩ ጎንደር ላይ ጥርት ብሎ ሳለ በረራው ሁለት ሰዓት ዘገየ። ስንደርስ ደግሞ ሻንጣዬ የለም፤ በማግስቱ መጣ። ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ በረራ ይህ ሁሉ ምንድን ነው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱ ነገሮች ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

መዘግየቱን የሚወስነው የመነሻው ሳይሆን የመድረሻው ሰማይ ነው። በክረምትና በክረምቱ መግቢያና መውጫ ደመና ዝቅ ብሎ ተራራውን ሲይዘው አብራሪው ማኮብኮቢያውን በዓይኑ የሚያይበት ከፍታና ርቀት የተወሰነ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ መሞከር የለም። ጎንደር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ፣ ላሊበላ ላይ ከመዞር ይረክሳል። ሌላው ምክንያት ሰንሰለት ነው። ያው አንድ አውሮፕላን በቀን ብዙ ከተማ ይነካል፤ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ የተፈጠረች 40 ደቂቃ ከሰዓት በኋላ እርስዎ ዘንድ ስትደርስ ሁለት ሰዓት ሆና ታገኟታላችሁ። የማኮብኮቢያ መብራት በሌለበት ኤርፖርት ደግሞ ቀኑ ከመሸ የቀረው በረራ ለነገ ነው፤ ፀሐይ እንደ ወሩ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ገደማ ባለው ጊዜ ትጠልቃለች። የመጨረሻውን በረራ የያዘ ሰው ይህን አስቦ ይያዝ።

ሻንጣው ግን የሙቀትና የከፍታ ጉዳይ ነው። 6,500 ጫማ ላይ አየሩ በተፈጥሮው ስስ ነው። መደበኛው የሙቀት መጠን እዚያ ከፍታ ላይ 2 ዲግሪ ነው ተብሎ ይታሰባል። ጠዋት 12 ዲግሪ ሲሆን አውሮፕላኑ 7,700 ጫማ ላይ ያለ ያህል ነው የሚሰማው። ከቀትር በኋላ 28 ዲግሪ ሲገባ 9,600 ጫማ ላይ ያለ ያህል። ከባሕር ወለል ጋር ሲተያይ ለመነሣት የሚፈልገው እውነተኛ ፍጥነት በ15 በመቶ ይጨምራል፤ የሚንደረደርበት ርቀት ደግሞ በሲሶ ይረዝማል። የሞተሩ ኃይል መቀነስ ሲጨመርበት ከዚያም ይብሳል። ማኮብኮቢያው ግን አይረዝምም። የሚቀነሰው ክብደት ነው።

ከክብደት ምን ይቀነሳል? ነዳጅ አይነካም። አውሮፕላኑ እስከ ላሊበላ ብቻ ሳይሆን ላሊበላ ካልተቻለ እስከ ተለዋጩ ኤርፖርት (ለምሳሌ ባሕር ዳር ወይም መቀሌ፤ ሁለቱም ከላሊበላ ከ175 እስከ 185 ኪሎሜትር ናቸው) ከዚያም ላይ 30 ደቂቃ የሚያንዣብብበት ነዳጅ መያዝ ግዴታው ነው። ትኬት የቆረጠ ሰው ከመውረዱ በፊት የሚቀረው ሻንጣ ነው። ስለዚህ ቀላሉ መላ የጠዋቱን በረራ መያዝ ነው። የከሰዓቱ ግድ ከሆነ መድኃኒት፣ ነጠላ፣ የስልክ ቻርጀርና ለአንድ ሌሊት የሚሆን ልብስ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ሻንጣው ካልመጣ ከአዳራሹ ሳይወጡ ያመልክቱ፤ የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀት ቦርዲንግ ፓሱ ጀርባ ላይ ለጥፈውልዎት ሊሆን ይችላልና አይጣሉት።

ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ነው የምሄደው፤ መናወጥ ትፈራለች። የት እናስቀምጣት? ተራራውስ ከየትኛው ጎን ይታያል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለእናትዎ ክንፉ አጠገብ ያለውን ወንበር ይጠይቁላቸው። አውሮፕላን የሚናወጠው እንደ ሚዛን ነው፤ መሃሉ ብዙ አይነቃነቅም፣ ጫፉ ግን ይወዛወዛል። ጭራው አካባቢ ያለው ወንበር ለሚፈራ ሰው አይሆንም። ጣጣው ኪው 400 ላይ ከክንፉ ትንሽ ቀደም ብሎ ፕሮፔለሩ መኖሩ ነው፤ ከሱ ትይዩ ያሉት ረድፎች ይጮኻሉ። ስለዚህ በትክክል ክንፉ ሥር ወይም ከሱ አንድ ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ።

ከወንበሩ ይልቅ ግን ሰዓቱ ይበልጣል። ፀሐይ የበለሳን ቆላ ካጋለችው በኋላ ሞቃቱ አየር እየተነሣ ደጋውን ስለሚገፋ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ይሆናል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዚያው ቦታ አስፋልት ነው። ይህንን ለእናትዎ ቀድመው ቢነግሯቸው ጥሩ ነው፦ አውሮፕላኑ ከማረፉ በፊት ጎማው ሲወርድ ከሞተሩ ሥር የሆነ ነገር ተከፍቶ ሲወርድና «ጓ!» ሲል ያያሉ። የተሰበረ ነገር የለም።

ለማየት፦ ከጎንደር ወደ ላሊበላ ሲሄዱ አፍንጫው ከምሥራቅ ትንሽ ወደ ደቡብ፣ ወደ 110 ዲግሪ ያመለክታል። ስለዚህ የሰሜን ተራሮች ከግራ፣ ጣና በመነሻው ላይና ቀጥሎ ጉና ከቀኝ ናቸው። ሲመለሱ ጎኑ ይገለበጣል። ክንፉ ከላይ ስለሆነ መሬቱን አይከልልም፤ የሚከልለው ሞተሩ ነው።

ጥያቄ፦ ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማክበር እፈልጋለሁ። ስፈልግ የሚመጣልኝ በረራ 6 ሰዓት ይፈጃል ይላል። ደግሞ ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ 6 ሰዓት ያሉት በአዲስ አበባ በኩል የሚዞር ነው። ከላሊበላ ቦሌ 334፣ ከቦሌ ጎንደር 421፣ በድምሩ 755 ኪሎሜትር፤ ከቀጥታው አራት እጥፍ በላይ። እያንዳንዱ በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ቀሪው ቦሌ ላይ የሚቀመጡበት ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ቀጥታ በረራ መኖሩና በሳምንት ስንት ቀን መሆኑ በየወቅቱ ይለዋወጣል። ሲፈልጉ «ቀጥታ» የሚለውን ምልክት ያድርጉና አንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ከፊትና ከኋላው ያሉትን ሦስት አራት ቀኖች ይመልከቱ። በገናና በጥምቀት መካከል 12 ቀን ስላለ ቀን መምረጥ ይችላሉ፤ በዋዜማ መብረር አይጠበቅብዎትም።

በአዲስ አበባ በኩል መዞር ግድ ከሆነ ሁለቱን በረራ በአንድ ትኬት ይቁረጡ። ለየብቻ ከቆረጡት የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎት ኪሳራው የእርስዎ ነው። ወደ አሜሪካ የሚመለሱበትን በረራም ከላሊበላ ወይም ከጎንደር በተነሡበት ዕለት ማታ አያድርጉት፤ አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ይደሩ።

ትኬቱ ላይ ያለው ሰዓት በውጭ አቆጣጠር በ24 ሰዓት ነው። 6 ይቀንሱ። 07:10 ማለት ከጠዋቱ 1:10፣ 13:20 ማለት ከቀኑ 7:20 ነው። አደገኛው 12:30 ነው፤ ለትኬቱ እኩለ ቀን ሲሆን ለባለ ታክሲው ደግሞ ንጋት ወይም ምሽት ነው። የሚወስድዎትን ሰው «ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል» ብለው በቃል ይንገሩት እንጂ ትኬቱን ፎቶ አንሥተው ብቻ አይላኩለት።

ቀኑንም ያጣሩ። ገና ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ታኅሣሥ 28 ይሆናል እንጂ የውጩ ቀን አይነቃነቅም። ጥምቀት ግን ጥር 11ን ስለማይለቅ በአብዛኛው ጃንዋሪ 19፣ በዚያ ዓመት ደግሞ ጃንዋሪ 20 ይውላል። በ2016 እንዲህ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ይሆናል። ከተራ ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ይላል፤ ታቦታቱ ሲወጡ ማየት የሚፈልግ ከከተራው በፊት ባለው ቀን ጎንደር መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ላሊበላ ካረፍኩ በኋላ እስከ ከተማው በእግር ይቻላል? ካርታው ላይ 9 ኪሎሜትር ነው። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ 9 ኪሎሜትሩ ለአሞራ ነው። ኤርፖርቱ ሹምሽሃ ሜዳ ላይ ነው፤ ከተማው ከሱ 500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል። አስፋልቱ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ስለሚወጣ ከ20 ኪሎሜትር በላይ ይሆናል። ለበረራው የሚመጡ ሚኒባሶች ስለሚኖሩ ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ሆቴል ከያዙ ደግሞ መኪና እንዲልኩልዎት በዋዜማው ይደውሉ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል፤ ከበረራው ይረዝማል ማለት ነው።